ፊደል ለቃሚዎቹ ሕፃናት

የተማሪዎች ጋዜጣ ይዘጋጅ ሲባል ሰው ሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጽሑፉ ነው። አርእስቱ የት ይቀመጥ፥ ኅዳጉ ምን ያህል ይስፋ፥ ሥዕሉ ከየትኛው አንቀጽ ጎን ይግባ የሚለው ጉዳይ ለማተሚያ ቤት ሠራተኛ የሚተው ይመስላል። ፈረንሳዊው መምህር ሴሌስታን ፍሬኔ ግን ይህንኑ የገጽ አሰናዳድ ዋና የትምህርት መሣሪያ አደረገው። ከዚህ በታች የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ፍሬኔ በ1896 ዓ.ም. በደቡብ ፈረንሳይ ጋር በምትባል ተራራማ መንደር ተወለደ። በኒስ የመምህርነት ትምህርት ሲከታተል ሳለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ስለ ተነሣ ወደ ግንባር ሄዶ፥ በ1917 ዓ.ም. ሼመን ዴ ዳም በተባለው ስፍራ ሳንባውን ቆሰለ። በ1920 ዓ.ም. ባር-ሱር-ሉ በተባለች መንደር በአስተማሪነት ሲመደብ ቀኑን ሙሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለማስተማር ትንፋሽ አልነበረውም። ድምፅ ያጣ መምህር ምን ሊሠራ ይችላል? ፍሬኔ ልጆቹን ይዞ ወደ መስክ ይወጣ ጀመር፤ ሲመለሱም ያዩትን በሰሌዳ ላይ ይጽፋሉ። ሆኖም ሰሌዳው ሲጠረግ የልጆቹ ቃል አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ በ1924 ዓ.ም. አንዲት ትንሽ የእጅ ማተሚያ ወደ ክፍሉ አገባ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ከደረሷቸው ጽሑፎች አንዱን በድምፅ ብልጫ ይመርጣሉ፤ የተመረጠውም በሰሌዳ ተጽፎ በኅብረት ይታረማል። ከዚያም ለየልጁ ጥቂት መስመር ይታደላል። እያንዳንዱ የእርሳስ ፊደሎችን ከሣጥኑ አንድ በአንድ እየለቀመ ይደረድራል። ፊደሉ በመስተዋት እንደሚታይ መልክ የተገለበጠ ስለ ሆነ የቸኰለ ዓይን ይስታል። በቃላት መካከል የሚታየው ክፍት ቦታም ባዶ አይደለም፤ ከፊደሉ ያጠረ የእርሳስ ቁራጭ ነውና እርሱም በእጅ ተመርጦ ይገባል። መስመሩ ከልኩ ቢያጥር ፊደሎቹ ይላላሉ፤ ቢረዝም ከቦታው አይገባም። እንግዲህ ሕፃኑ «ይህ ቃል ያስፈልጋልን?» ብሎ ራሱን የሚጠይቀው መምህሩ ስላዘዘው ሳይሆን ቦታ ስላነሰው ነው። የብራና ጸሐፊዎቻችን ቀለም ሳይነኩ በፊት በወስፌ እየወጉ መስመርና ኅዳግ መወሰናቸውን የሚያውቅ አንባቢ ይህ ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ሥዕሉን ልጆቹ በሊኖሌዩም ላይ ይቀርጻሉ፤ ቀለሙን በማንከባለያ ቀብተው ያትማሉ። ፊደሉ ጥቂት ስለሆነም ገጹ ታትሞ ሲያልቅ እያንዳንዱ ወደየክፍሉ ይመለሳል። ከሥራው ሁሉ አሰልቺው ይህ ይመስለኛል።

ማተሚያን ለልጆች በመስጠት ፍሬኔ የመጀመሪያው አልነበረም። ፖል ሮበን ከ1880 እስከ 1894 ዓ.ም. ባስተዳደረው በሳምፕዊ የሙት ልጆች ማሳደጊያ ኅትመት ከሚማሩት ሙያዎች አንዱ ነበር።

በ1926 ዓ.ም. በብሬታኝ ጠረፍ ያስተምር ከነበረው ከሬኔ ዳንኤል ተማሪዎች ጋር የታተሙ ገጾችን መለዋወጥ ተጀመረ። ገጹ ሩቅ አገር ያለ አንባቢ ሲያገኝ የተጨናነቀ መስመር የሚያሳፍር ነገር ሆነ። በ1927 ዓ.ም. ከልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች የመጡ ሥራዎች «ላ ዤርብ»፥ ማለት «ነዶ»፥ በተባለ መጽሔት ይወጡ ጀመር።

የታተመ ቃል ግን እንደ ሰሌዳ አይጠረግም። ፍሬኔ በ1928 ዓ.ም. ወደ ሴን-ፖል ተዛውሮ ሳለ፥ አንድ ተማሪ በሕልሙ ልጆቹ የትምህርት መሣሪያ አልሰጥም ባለው ከንቲባ ላይ ሲነሡ ማየቱን ጽፎ ታተመለት። በ1932 ዓ.ም. መጨረሻ የመምህሩ ተቃዋሚዎች ያንን ጽሑፍ በየግድግዳው ለጠፉት፤ የፓሪስ ጋዜጦችም ተቀባበሉት። ሕልሙ ከባድ ነበርና ባይታተም ይሻል ነበር የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ገጹን ለልጁ ከሰጡ በኋላ ቃሉን መልሶ መንጠቅ እንዴት ይቻላል? ፍሬኔ በ1933 ዓ.ም. ከሴን-ፖል እንዲነሣ ተደረገ።

በ1935 ዓ.ም. ከባለቤቱ ከሠዓሊዋ ከኤሊዝ ጋር በቫንስ የራሱን ትምህርት ቤት ከፈተ፤ በ1966 ዓ.ም. በዚያው ከተማ ዐረፈ። ትምህርት ቤቱንም በ1991 ዓ.ም. የፈረንሳይ መንግሥት ገዛው።