የነገሌ ውሃና የታፈነው ዜና

አብዮቱ መቼ ጀመረ ተብለን ብንጠየቅ አብዛኞቻችን የካቲት 1966 ዓ.ም. ብለን እንመልሳለን። የታክሲ ነጂዎቹን አድማ፣ የመምህራኑን አቤቱታ፣ የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድን ካቢኔ መውረድ እናነሳለን። የነገሩ ክር የተመዘዘው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው ነገሌ ቦረና ነበር። ምክንያቱም ውሃ ነው።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈሩት የአራተኛ ክፍለ ጦር ወታደሮች በአዛዦቻቸው ላይ ተነሱ። ምግባቸው የሚበላ፣ ውሃቸውም የሚጠጣ አልነበረም። የወታደሩ የውሃ ፓምፕ ሲበላሽ መኮንኖቹ ከራሳቸው ጉድጓድ እንዲቀዳ አልፈቀዱም። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያጣሩ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለን ላኩ። ወታደሮቹ እሳቸውንም ያዟቸው፤ ወታደር የሚበላውን አበሏቸው፣ የሚጠጣውንም አጠጧቸው። ጄኔራሉ ታመሙ። የተለቀቁትም አቤቱታው እንደሚታይ ከቤተ መንግሥት ተስፋ ከተሰጠ በኋላ ነው።

ጋዜጠኝነት ስማር በመጀመሪያ የጨበጥኩት ዜና ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን የሚሉትን ጥያቄዎች መመለስ እንዳለበት ነው። የነገሌው ነገር ሁሉንም ይመልሳል። ይሁን እንጂ ለሕዝብ እንዳይሰማ ተደረገ። በ1933 ዓ.ም. የተመሠረተው አዲስ ዘመንም ሆነ ሬዲዮው የመንግሥት ነበሩ፤ ሳንሱሩም በላያቸው ነበር። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ የንግግርንና የጋዜጣን ነጻነት በሕግ መሠረት ሲፈቅድ፣ ፈቃዱ ከወረቀቱ አልወረደም።

ዝምታው ማንን ጠቀመ? መንግሥትን እንኳ አልጠቀመም። ጋዜጣው ዝም ሲል የጦሩ የመገናኛ ሬዲዮ ወሬውን ከጦር ሰፈር ወደ ጦር ሰፈር አደረሰው። በየካቲት የአስመራው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ሲነሳ የከተማዋን ሬዲዮ ጣቢያ ይዞ ጥያቄውን ራሱ አሰማ። የወሎውም ረሃብ እንዲሁ ነው። አገር ቤት ሲሸሸግ የቆየውን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ለዓለም አሳየው፤ ያው ፊልም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን በወረዱበት ዋዜማ ለኢትዮጵያ ተመልካች ቀረበ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ!

ነገሌ ያመፀችው ጋዜጣ ስላልጻፈ ነው ማለቴ አይደለም። የመሬቱ፣ የኑሮ ውድነቱና የደመወዙ ጥያቄ አንድ ዜና የሚያበርደው አልነበረም። የምለው ሌላ ነው። የፓምፕ መበላሸት ገና ከጅምሩ የመንግሥት አስተዳደር ዜና ነው። ማን ያስጠግናል? በጀቱ የት ገባ? ከየትኛው ጉድጓድ ማን ይጠጣል? እነዚህን በጊዜው የሚጠይቅ ዘጋቢ ከሌለ ጥያቄውን የሚያነሳው ጠመንጃ የያዘ ይሆናል።

የሚገርመው ደግሞ ይህ የሆነው በቦረና ምድር መሆኑ ነው። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ የቦረና ጉድጓዶች ከብት የሚጠጣው በተራና በደንብ ነው፤ ተራውን የሚያስከብር የውሃ አባት አለ። በየስምንት ዓመቱ በሚካሄደው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ ሕጉ በአደባባይ ይመከርበታል፤ የተወሰነውም ለሁሉ ይነገራል። ጋዜጣ በሌለበት ቆላ የውሃ ጉዳይ በአደባባይ ሲነገር፣ ጋዜጣ ባለው መንግሥት ዘንድ ምስጢር ሆነ።

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ አዋጅ ሳንሱርን አስቀረ። ሆኖም አዋጅ ዘጋቢን ነገሌ ድረስ አያደርስም፤ በዘመኑ እንደ አሸን የፈሉት የግል ጋዜጦች አብዛኞቹ አዲስ አበባ ተጽፈው አዲስ አበባ የሚነበቡ ነበሩ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረና አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ሲከዳ ከብቱ አልቆ አርብቶ አደሩ ባዶ እጁን ቀረ። ያን ጊዜም መጠየቅ የነበረበት የ1966ቱ ጥያቄ ነው፦ የትኛው ጉድጓድ ይሠራል፣ የትኛው ቆሟል፣ ማንስ ሊያስጠግን ቃል ገብቶ ነበር? ይህን የሚያጣራ ሰው ከብቱ ከማለቁ በፊት እዚያ መገኘት አለበት።