የበይነ መረብ ጨዋታ ዓይን አፋር ሰውን ከጓደኛ ሊያገናኝ ይችላልን?

ዓይን አፋርነት ሰው መጥላት አይደለም። ዓይን አፋር ሰው ወዳጅ ይሻል፤ ጨዋታም ይወዳል፤ የሚቸግረው መጀመሩ ነው። ከማያውቀው ሰው ፊት ሲቆም ቃል ይጠፋዋል፤ «ይስቁብኝ ይሆን?» እያለ ይሠጋል። ከጉቶ ጊዳ ገጠር ቀበሌዎች ለትምህርት ወደ ነቀምቴ የሚገባ ተማሪም ሆነ ከሌላ አካባቢ መጥቶ በወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሚማር ወጣት ይህ ጠባይ ካለው፣ ሰው በሞላበት ከተማ ብቻውን ሊከርም ይችላል።

ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በኢንተርኔት የሚጫወቷቸው ጨዋታዎች በእጅ ስልክ አማካይነት ወደ ወጣቶች እጅ ገብተዋል። በወላጆች ዘንድ ስማቸው የሚነሣው ጊዜ በማባከን ነው። ሥጋቱ መሠረት አለው፤ ሆኖም ጨዋታዎቹ ለዓይን አፋር ሰው የሚሰጡት ጥቅም እንዳለ ጥናቶች ያመለክታሉ።

ጨዋታዎቹ እንዴት ያሉ ናቸው?

በእጅ ስልክ ከሚዘወተሩት መካከል እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ፍሪ ፋየርና በ2018 የወጣው ፐብጂ ሞባይል ይገኙበታል። በፐብጂ እስከ 100፣ በፍሪ ፋየር እስከ 50 ተጫዋቾች በአንድ ደሴት ላይ ይወርዳሉ፤ እስከ መጨረሻው የተረፈ ያሸንፋል። ሁለቱም በአራት ሰዎች ቡድን ሊከናወኑ ይችላሉ። የቡድኑ አባላት በጽሑፍ ወይም በድምፅ ይነጋገራሉ፤ ጠላት ያለበትን አቅጣጫ ይጠቋቆማሉ፤ የወደቀ ጓደኛቸውን ያነሣሉ። የጦርነት መልክ ያለውን ጨዋታ ለማይፈልግ ደግሞ እንደ ሉዶ፣ ቼዝና እግር ኳስ ያሉ ሌሎች አማራጮች አሉ።

ለዓይን አፋር ሰው ለምን ይቀላል?

አንደኛው ምክንያት ሥራ ከወሬ መቅደሙ ነው። ይህን ለመረዳት ገበሬ ሩቅ መሄድ አያስፈልገው። በደቦ ጤፍ ሲታጨድ ወይም በቆሎ ሲፈለፈል ጎን ለጎን የተሰለፉ ሁለት ሰዎች ወሬ መፈለግ አያስጨንቃቸውም። እጃቸው ሥራ ይዟል፤ ጭውውቱ ከሥራው መሐል በራሱ ጊዜ ይመጣል፤ ዝም ያለውንም ማንም «ምነው ዝም አልክ?» አይለውም። የቡድን ጨዋታም እንዲሁ ነው። «ወደ ግራ ና»፣ «ጠብቀኝ»፣ «ጎበዝ» የሚሉት አጫጭር ቃላት ለመግባባት ይበቃሉ። ገበጣም ቢሆን ብዙ ንግግር ሳይጠይቅ ሁለት ሰዎችን ፊት ለፊት ሲያስቀምጥ የኖረ የአገራችን ጨዋታ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የሰው ዓይን አለመኖሩ ነው። በጨዋታ ውስጥ አለባበስ፣ ቁመና፣ የፊት መቅላትና የእጅ መንቀጥቀጥ አይታዩም። በድምፅ ለመናገር ያልደፈረ በጽሑፍ ይጀምራል፤ ከመላኩ በፊትም የጻፈውን አንብቦ ያርማል።

ሦስተኛው መደጋገሙ ነው። ጓደኝነት በአንድ ቀን ትውውቅ አይጸናም። በየማምሻው ከአንድ ቡድን ጋር የሚጫወት ሰው ግን ሳያስበው በተከታታይ ቀናት ከእነዚያው ሰዎች ጋር ይገናኛል።

ጥናቶች ምን ይላሉ?

በጀርመን ሙንስተር ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ተመራማሪዎች ሬቸል ኮወርት፣ ኤሜሼ ዶማሂዲና ቶርስተን ኳንት እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ስሜታቸው ቶሎ የሚነካና ዓይን አፋር የሆኑ ተጫዋቾች ጨዋታውን አዲስ ጓደኛ ለማፍራትና የቀድሞ ወዳጅነታቸውን ለማጠንከር እንደሚጠቀሙበት አሳይተዋል። ፒው የተባለው የአሜሪካ የጥናት ማዕከል በ2024 ባወጣው ዘገባ ደግሞ፣ ጨዋታ ከሚጫወቱ የአገሪቱ ታዳጊዎች መካከል 47 በመቶ የሚሆኑት በጨዋታ ምክንያት በኢንተርኔት ጓደኛ ማፍራታቸውን ተናግረዋል።

በዓለም ዙሪያ ብዙ ከተነገረላቸው ታሪኮች አንዱ የኖርዌጂያዊው ማትስ ስቴን ነው። ማትስን ከሰው የለየው ዓይን አፋርነት ሳይሆን ጡንቻን የሚያዳክም ሕመም ነበር። ወርልድ ኦፍ ዋርክራፍት በተባለው ጨዋታ ውስጥ «ኢቤሊን» በሚል ስም ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 በ25 ዓመቱ ሲያርፍ፣ ወላጆቹ ልጃቸው ያለ ጓደኛ እንደኖረ አድርገው ያዝኑ ነበር። መርዶውን በበይነ መረብ ሲያሳውቁ ግን ከተለያዩ አገሮች የሐዘን መልእክት ጎረፈላቸው፤ ከጨዋታ ጓደኞቹም ለቀብሩ የተጓዙ ነበሩ። ወላጆቹ በስክሪን ፊት ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ይመለከቱ ነበር፤ እርሱ ግን ከብዙ ሰዎች ጋር ነበር።

ወሰኑ የት ነው?

አሜሪካውያኑ ተመራማሪዎች ኮንስታንስ ስታይንኩለርና ዲሚትሪ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ እነዚህ ጨዋታዎች ሰው ከቤቱና ከሥራው ውጭ እንደሚውልበት ቡና ቤት ያለ ሥፍራ ናቸው። ከልዩ ልዩ ሰዎች ጋር ሰፊ ትውውቅ ይፈጥራሉ፤ በችግር ጊዜ የሚደርስ ጥብቅ ወዳጅነት ግን ከዚህ ብቻ አዘውትሮ አይገኝም። ስድብና ማዋረድም አለ። በዚያው የፒው ዘገባ ከአሥር ታዳጊዎች ስምንቱ በጨዋታዎች ውስጥ የሚደርስ ትንኮሳ ለእኩዮቻቸው ችግር መሆኑን ገልጸዋል።

የዓለም ጤና ድርጅትም ከልክ ያለፈ ጨዋታን በበሽታዎች መዝገቡ አስፍሮታል። አንድ ሰው ጨዋታውን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ከሌላው ጉዳዩ ሁሉ ሲያስቀድመውና ጉዳት እያየም ሲቀጥል፣ ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል ሲዘልቅ እንደ ሕመም ይቆጠራል።

ለወለጋ ሰው የሚታወቅ ሌላ ወሰንም አለ፤ እርሱም የኔትወርክ ነገር ነው። በ2012 ዓ.ም. ከታኅሣሥ ማብቂያ እስከ መጋቢት 22 ቀን በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጠው ነበር፤ በምሥራቅ ወለጋም ኢንተርኔት አልነበረም። በጨዋታ ስሙ ብቻ የሚታወቅ ጓደኛ መስመሩ ሲቋረጥ አብሮ ይጠፋል፤ ቤቱ የታወቀ ጓደኛ ግን በእግርም ይፈለጋል።

ምን ማድረግ ይበጃል?

ለዓይን አፋር ወጣት፦ በየጊዜው ከማይታወቁ ሰዎች ጋር ከመጫወት ይልቅ ከጥቂት ሰዎች ጋር ቋሚ ቡድን መመሥረት ይሻላል። ከቡድኑ አባላት ቢያንስ አንዱ የክፍል ጓደኛ ወይም የሠፈር ልጅ ቢሆን፣ ማታ የተጀመረው ጨዋታ በማግሥቱ በትምህርት ቤት ለሰላምታ ምክንያት ይሆናል። በጽሑፍ የጀመረ ቀስ በቀስ ወደ ድምፅ፣ ከዚያም ወደ አካል መገናኘት ሊሸጋገር ይገባዋል።

ለጥንቃቄ፦ አድራሻን፣ ፎቶግራፍንና የባንክ ወይም የቴሌብር ምስጢር ቁጥርን ለማያውቁት ሰው መስጠት አይገባም። በጨዋታ ከተዋወቁት ሰው ጋር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገናኙ ሰው በሚበዛበት ሥፍራ፣ ቤተሰብ አውቆት ሊሆን ይገባል።

ለወላጆች፦ የጨዋታውን ሰዓትና የኢንተርኔት ወጪ መወሰን ተገቢ ነው። ነገር ግን «ስንት ሰዓት ተጫወትክ?» ከሚለው ጥያቄ ጋር «ከማን ጋር ተጫወትክ?» ብለው ይጠይቁ። ልጅዎ የጓደኞቹን ስም መጥራት፣ የትኛው ቀልደኛ፣ የትኛው ቁጡ እንደሆነ መናገር ከጀመረ፣ ጨዋታው ሰው እያስለመደው ነው። የሚጠራው ስም ከሌለው፣ እንቅልፍና ትምህርቱም ከተጓደሉ፣ ጨዋታው መደበቂያ ሆኖበታልና ቀረብ ብሎ ማነጋገር፣ ካስፈለገም የጤና ባለሙያ ማማከር ያሻል።