የካንዴላ ጥርስና የካርቱም ባለ እጆች

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአበው ብሂል ስለ መኪና ሞተር የተነገረ አይደለም። ይሁን እንጂ ካንዴላን በጥድፊያ አጣሞ ያስገባ መካኒክ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ አሳጥሮ የሚናገር አባባል ማግኘት ያስቸግራል። ካንዴላው የሚታሰርበት የቴስታታ ቀዳዳ ጥርሱ አንድ ጊዜ ከተላጨ፣ የሞተሩ አካል ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ጉልበቱ ይከዳል። ታምቆ የሚነደው አየርና ቤንዚን የሚፈጥረው ግፊት በላላው ጥርስ በኩል ያፈተልካል፤ ሲብስም ካንዴላውን እንደ ጥይት አስፈንጥሮ ያወጣዋል። ከአውራ ጣት ውፍረት በማይበልጥ ቀዳዳ ምክንያት አንድ ቤተሰብ የሚተዳደርበት ታክሲ ይቆማል።

ይህችን ጥቃቅን ብልሽት ማቃናት ለካርቱም ባለ እጆች የዘወትር ሥራ ሆኖ ኖሯል። ታሪኩ በቅርብ ሲታይ የአንዲት ከተማ የእጅ ሙያ እንዴት እንደ ተወለደ፣ ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደ ተሻገረና ዛሬ ምን አደጋ እንደ ተጋረጠበት ያሳያል።

የካንዴላ ልደት

ካንዴላ የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከጣሊያንኛ ሲሆን ትርጉሙ ሻማ ማለት ነው፤ ፈረንሳዮችም ይህንኑ ዕቃ በቋንቋቸው ሻማ ብለው ይጠሩታል። ነዳጅን በኤሌክትሪክ ብልጭታ የማቀጣጠል ዘዴ ኤቲየን ሌኗር በ1860 በሠራው የጋዝ ሞተር ላይ ታይቷል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ይሁን እንጂ ካንዴላ ለመኪና አስተማማኝ መሣሪያ የሆነው በቦሽ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው መሐንዲስ ጎትሎብ ሆኖልድ በ1902 ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጭ ማግኔቶ ካቀረበ በኋላ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓሥርት ዓመታት የካንዴላ ጥርስ እንደ ፋብሪካው ይለያይ ነበር። ከ1908 እስከ 1927 የተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ እንደ ውኃ ቧንቧ ወደ ጫፉ የሚቀጥን የግማሽ ኢንች ጥርስ ነበረው። በአውሮፓ 18 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው በብዛት ይሠራበት ነበር። ኋላ ግን 14 ሚሊ ሜትር ስፋትና በአንዱ ጥርስና በሌላው መካከል 1.25 ሚሊ ሜትር ርቀት ያለው ዓይነት በብዙ አገር መኪናዎች ላይ የተለመደ ሆነ።

የጥንቶቹ ቴስታታዎች ከብረት ቀልጠው የሚሠሩ በመሆናቸው ጥርሳቸው ዝገት እንጂ መላጨት እምብዛም አያጠቃውም ነበር። አሉሚኒየም ሲተካ ነገሩ ተለወጠ። አሉሚኒየም ቀላል ነው፤ ሙቀትንም ፈጥኖ ያስተላልፋል። ነገር ግን ከብረት ይልቅ ልል ሲሆን በሙቀት ጊዜ የሚለጠጠውም ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በጋለ ሞተር ላይ ካንዴላውን በጉልበት የሚፈታ ሰው የብረቱን ካንዴላ ከነአሉሚኒየሙ ጥርስ ይዞት ይወጣል። ቴክኖሎጂው በተሻሻለ ቁጥር ጥርሱ ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ሆነ።

የሁለቱ ዓባዮች ከተማና ብረት

ካርቱም ከመኪና በፊት ከብረት ሥራ ጋር ትተዋወቃለች። በቱርክና ግብፅ አገዛዝ ዘመን የእንፋሎት ጀልባዎች የሚጠገኑበት የመርከብ ማደሻ ነበራት። በ1885 ከተማይቱ በማህዲስቶች እጅ ወድቃ መናገሻው ወደ ኦምዱርማን ሲዛወር እንኳ ማደሻውና የጦር መሣሪያ ግምጃ ቤቱ ሥራቸውን አላቋረጡም። ድል አድራጊዎቹ ቤተ መንግሥቱን ትተው ባለ እጁን ግን ሊተዉት አልቻሉም። የሱዳን መካኒክ ዛሬም «ኡስታ» ተብሎ ሲጠራ ከዚያ ከቱርክ ዘመን የወረደ ማዕረግ ይዞ ነው።

ከ1898 በኋላ የመጣው የእንግሊዝና የግብፅ አስተዳደር ለባቡርና ለጀልባ የሚሆን ሠራተኛ ፈለገ። በ1902 በተከፈተው የጎርደን መታሰቢያ ኮሌጅ ውስጥ የማንቸስተሩ ባለ ፋብሪካ ዊልያም ማዘር በለገሱት መሣሪያ የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ ተቋቋመ። የአትባራ የባቡር ማደሻም የሱዳን የብረት ሠራተኞች ትልቁ ትምህርት ቤት ሆነ። በ1916 በዳርፉሩ ሱልጣን በዓሊ ዲናር ላይ በተከፈተው ዘመቻ ከኤል ኦቤይድ የባቡር ሐዲድ ወደ ምዕራብ ስንቅ ለማጓጓዝ የጭነት መኪናዎች ተሰማርተው ነበር። መኪና በአሸዋ ውስጥ ሲበላሽ ፋብሪካው ሩቅ መሆኑን ሱዳን ያኔ ተማረች።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት የእንግሊዝ ሥሪት የሆነው ቤድፎርድ የሱዳን መንገድ ንጉሥ ሆነ። የናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚሠራ በመሆኑ የካንዴላ ጥርስ ጣጣ የቤንዚን መኪናዎች ብቻ ነበር። በ1950 የካርቱም ቴክኒክ ተቋም ሲመሠረት የተማረ ባለሙያ ማፍራት ተጀመረ። የኢንዱስትሪ ሰፈሮቹ ጋራዦች ግን ሙያውን በአሮጌው ሥርዓት ማስተላለፋቸውን ቀጠሉ። ልጅ ከኡስታው ሥር ቁልፍ እያቀበለ፣ ዕቃ እያጠበ፣ እያየ ይማራል።

ሁለት ቋንቋ በአንድ ሞተር ላይ

ከ1974 አብዮት በኋላ በከሰላና በገዳሪፍ በኩል ወደ ሱዳን ከገቡት ስደተኞች መካከል በጋራዥ ሥራ ያደጉ ሰዎችም ነበሩ። በዴምና በጅሬፍ ሰፈሮች የኖሩ የኢትዮጵያና የኤርትራ ልጆች በካርቱም ጋራዦች ሥራ ሲያገኙ ይዘውት የመጡት የጣሊያን ቃል ነበር፤ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጋርኒሲዮን፣ ቶርኖ። በዚያ የጠበቃቸው ደግሞ የዓረብ፣ የቱርክና የእንግሊዝ ቃል ነው። ቶርኖ የሚሠራውን ባለሙያ ሱዳኖች «ኸራጥ» ይሉታል። ቃላቱ ይለያዩ እንጂ የተላጨው ጥርስ አንድ ነው፤ ሁለቱም ወገን በጣቱ ዳስሶ ያውቀዋል። የስደት ወረቀቱ ምንም ይበል ምን፣ ሥራው በሞተሩ ድምፅ ይመሰከርለት ነበር።

ጥርሱ እንዴት ይመለሳል?

ጥገናው ሦስት ደረጃ አለው። ጥርሱ ጥቂት ብቻ ከተጎዳ በልኩ የተሠራ የጥርስ ማውጫ በእጅ እየተሽከረከረ ያጸዳዋል። ጨርሶ ከተላጨ ቀዳዳው ሰፍቶ አዲስ ጥርስ ይወጣለትና በቶርኖ የተቀረጸ ቀለበት ይታሰርበታል፤ የቀለበቱ ውስጠኛ ጥርስ ካንዴላውን ይቀበላል። ለዚህ ቀለበት ነሐስን የሚመርጡ አሉ፤ ሙቀትን በደንብ ያስተላልፋል፣ የሚለጠጥበት መጠንም ከብረት ይልቅ ለአሉሚኒየም ይቀርባል። ሦስተኛው ዘዴ በ1930ዎቹ በአሜሪካ የተፈለሰፈውና በአውሮፕላን ሞተሮች ላይ የተስፋፋው ከማይዝግ ሽቦ የተጠቀለለ ጥርስ ነው። በአግባቡ ከተሠራ ከመጀመሪያው የአሉሚኒየም ጥርስ ይልቅ ይጠነክራል።

ጥበቡ ግን ከመሣሪያው ይልቅ በጥንቃቄው ላይ ነው። ሞተሩ መቀዝቀዝ አለበት። የካርቱም ሃቡብ በካንዴላው ዙሪያ ያከማቸው አቧራ ከመፈታቱ በፊት በአየር ይነፋል። የጥርስ ማውጫው በግራሶ ይለወሳል፤ የሚላገው የአሉሚኒየም ብናኝ በግራሶው ተይዞ ወደ ሲሊንደሩ እንዳይወርድ ነው። የቀለበቱ ጫፍ ወደ ማቃጠያው ክፍል ወጣ ብሎ ከቀረ ይግልና ነዳጁን ያለ ጊዜው ያነደዋል፤ ከተንጋደደም ግፊቱ መውጫ ያገኛል።

በመጨረሻም ካንዴላው የሚገባው በቁልፍ አይደለም። በጭራው ላይ ቁራጭ የጎማ ቱቦ ተሰክቶ በጣት ብቻ ይሽከረከራል፤ ጥርሱ ከተጣመመ ቱቦው ይንሸራተታል እንጂ አያስገድደውም። ጋርኒሲዮኑ ከተቀመጠ በኋላ አዲስ ካንዴላ ከግማሽ ዙር ብዙም ያልበለጠ ማጥበቅ ይበቃዋል። ሲሮጡ ያልታጠቁት ሲሮጡ አይፈታም ማለት ነው።

እጥረት ያስተማረው

በ1997 አሜሪካ በሱዳን ላይ የጣለችው የንግድ ማዕቀብ እስከ 2017 ድረስ ቆይቷል። የባንክ ዝውውር ሲጠብ መለዋወጫ ማስመጣት ችግር ሆነ። በሌላ በኩል ሱዳን በ1999 ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ ስትጀምር በካርቱም የመኪናው ቁጥር ጨመረ፤ «ራክሻ» የሚባሉት ባለ ሦስት እግሮችና «አምጃድ» የሚባሉት አነስተኛ ሚኒባሶች መንገዱን ሞሉት። ብዙ ሞተር፣ ጥቂት መለዋወጫ፤ በዚህ መካከል የቆመው ኸራጡ ነበር። በሌላ አገር ቴስታታው ተጥሎ አዲስ በሚገዛበት ብልሽት፣ የካርቱም ባለ እጅ ከጣት የምታንስ የነሐስ ቀለበት ቀርጾ መኪናውን ወደ ሥራው ይመልሰዋል።

ጥርሱ ሲበጠስ

በኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት የኢንዱስትሪ ሰፈሮቹን አልማራቸውም። ፋብሪካና ማከማቻ ተቃጠለ፣ ተዘረፈ። ኡስታውም ተማሪውም ተበተነ። ዓመታት በካርቱም የኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በገዳሪፍ አድርገው ወደ መተማ ተመለሱ። በማርች 2025 የሱዳን ጦር ዋና ከተማይቱን መልሶ ሲይዝ ነዋሪው ያገኘው የፈረሰ ቤት፣ የተነቀለ የኤሌክትሪክ ሽቦና ሞተራቸው የወለቀ መኪናዎች ነበር።

ቶርኖ ይገዛል፤ የጥርስ ማውጫም ከውጭ ይመጣል። የማይገዛው ጎማ ቱቦዋ የምትንሸራተትበትን ቅጽበት የሚያውቀው ጣት ነው። ማህዲስቶች በ1885 ባለ እጆቹን ከማደሻቸው ባለማባረራቸው ሙያው ከአንድ ዘመን ወደ ሌላው ተሻገረ። የዛሬዎቹ ኡስታዎች ግን በካይሮ፣ በፖርት ሱዳን፣ በጎንደርና በአዲስ አበባ ተበትነዋል። የሚያውቁትም በመጽሐፍ አልሰፈረም። በያሉበት አንድ አንድ ልጅ ከጎናቸው አቁመው ቁልፍ እንዲያቀብላቸው ካላደረጉ፣ ሙያው ከእነርሱ ጋር ይቀራል። ለተላጨ ቀዳዳ ቀለበት ይቀረጽለታል፤ ለተቋረጠ ሙያ ግን በቶርኖ የሚወጣ ቀለበት የለም።