ከሑጃጅ ጋር የተጓዘው በሽታ

አንድ አዛውንት ለሐጅ ሲዘጋጁ ቤቴ ድረስ መጥተው፣ «ኡስታዝ፣ ወደ አላህ ቤት ለሚሄድ ሰው መርፌ ምን ያደርግለታል? እዚያ መሞትስ መታደል አይደለም ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ። ጥያቄያቸው ከልብ ነበር። መልሱ ብዙዎቻችንን የሚመለከት ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ላቀርበው ወደድኩ።

አባቴ፣ አልኳቸው፣ በሽታ ሞትን ከሚመኘው ሰው ጋር ብቻ አይቀርም። ለዚህም የሐጅ መንገድ ታሪክ ራሱ ምስክር ነው።

ኮሌራ በመካ ሑጃጅ ላይ መውረድ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1831 ነው። ዓለምን ያስደነገጠው ግን የ1865ቱ ነበር። በዚያ ዓመት ከተሰበሰቡት 90,000 ያህል ሑጃጅ 15,000 የሚሆኑት እንዳለቁ ይገመታል። ልብ በሉ፣ ከስድስት ሰው አንዱ ማለት ነው! በሽታው በዚያ አልቆመም። ከተመላሾቹ ጋር በእንፋሎት መርከብ ስዊዝ ደረሰ፤ ከዚያ እስክንድርያ ገባ፤ ባሕር ተሻግሮም የአውሮፓን ወደቦች አዳረሰ።

ፍጥነቱ ከየት መጣ? ቀድሞ ሑጃጅ በግመል ቅፍለት ለሳምንታት በረሃ ያቋርጡ ነበር። የታመመው ወይ መንገድ ላይ ይሞታል፣ ወይ ይድናል፤ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ከአገር ሳይደርስ ያልቃል። በረሃው ራሱ ለይቶ ማቆያ ነበር። መርከብና ባቡር ግን መንገዱን ሲያሳጥሩለት ለበሽታውም አሳጠሩለት።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1866 መንግሥታት በኢስታንቡል ተሰብስበው መከሩ። ዑስማናውያንም በ1882 በየመን ጠረፍ ፊት ለፊት በምትገኘው በከማራን ደሴት ማቆያ ከፈቱ። ከሕንድና ከጃዋ የሚመጡ ሑጃጅ መርከባቸው እዚያ እየቆመ ቀናት ይቆጥሩ ነበር። በክፍያውና በአያያዙ ብዙ አማርረዋል። እውነቱን ለመናገር ምሬታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሑጃጅን እንደ በሽታ ቋት ብቻ የሚያይ ባለሥልጣን በዚያ ዘመን ጥቂት አልነበረም። ወደ ሰሜን የሚመለሱት ደግሞ በሲናው ጡር ይቆዩ ነበር። በ1905 ጎትሽሊክ የተባለ ሐኪም በዚያ በሞቱ ሑጃጅ አካል ውስጥ አንድ የኮሌራ ጀርም አገኘ። በቦታው ስም «ኤል ቶር» ተባለ። በ1961 ከኢንዶኔዥያ ተነስቶ ብዙ አገሮችን ያዳረሰውና በ1970 ወደ አገራችን የገባው ኮሌራ የዚሁ ጀርም ዘር ነው።

አዛውንቱ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ታዲያ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ከቀደር መሸሽ አይሆንም?» አሉ።

ይህን ጥያቄ ከእርሳቸው በፊት ታላቁ ሶሐባ አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ.) ጠይቀውታል። ኸሊፋ ዑመር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለው ስፍራ ደርሰው በሻም ወረርሽኝ መግባቱን ሰሙ። ሙሃጂሮችን አማከሩ፤ ተለያዩ። አንሷሮችንም አማከሩ፤ እነሱም ተለያዩ። የቁረይሽ ሽማግሌዎች ግን በአንድ ቃል ይመለሱ አሉ። አቡ ዑበይዳ ከአላህ ቀደር ይሸሻሉን ሲሏቸው፣ ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እንደሚሸሹ ነገሯቸው። አንዱ ዳር ለምለም፣ ሌላው ደረቅ በሆነ ሸለቆ ግመሎቹን የሚያሰማራን ሰውም ምሳሌ አደረጉላቸው። በኋላም ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) መጥተው፣ ወረርሽኝ ወዳለበት አገር እንዳይገባ፣ ካለበትም ሸሽቶ እንዳይወጣ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስማታቸውን ተናገሩ። ዑመር አላህን አመስግነው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ ከሕዝባቸው ጋር ሻም ቀሩ፤ በ18 ዓመተ ሂጅራም በዚያው ወረርሽኝ ሞቱ። አንዱ አልገባም፣ ሌላው አልወጣም።

ለዛሬው ሐጃጅ ነገሩ ቀሏል። ውሃው የታሸገ ወይም የፈላ፣ ምግቡ ትኩስ ይሁን፤ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ተቅማጥ ቢጀምር ሕይወት አድን ቅመም በንጹሕ ውሃ በጥብጦ ቶሎ ቶሎ መጠጣትና ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው፤ ኮሌራ ሰውን የሚገድለው የሰውነቱን ውሃ አሟጦ ነውና።

ማጅራት ገትር ግን ከውሃ ጋር አይገናኝም፤ በትንፋሽና በሳል ይተላለፋል። እ.ኤ.አ. በ1987 ሐጅ ላይ ተነስቶ ነበር። በ1988 እና በ1989 በአገራችን የተነሳው ትልቅ ወረርሽኝ ጀርም ሲመረመርም ከዚያው ወገን ሆኖ ተገኘ። በሽታውን ተሸክሞ የመጣ ሰው ራሱ ላይታመም ይችላል፤ የሚታመመው ልጁ ወይም ጎረቤቱ ነው።

ክትባቱ ጂዳ ከመድረስ ቢያንስ 10 ቀን በፊት መወሰድ አለበት፤ ሰውነት መከላከያውን የሚያበጀው በእነዚያ ቀናት ነውና። አንዳንዱ ግን ወረቀቱን ብቻ አስጽፎ መርፌውን ይተወዋል። አዛውንቱ ይህን ስነግራቸው ከኪሳቸው አንዲት ካርድ አውጥተው አሳዩኝ። ተሞልታለች፤ ማኅተምም አላት። «መርፌውንስ?» አልኳቸው። መልሰው ኪሳቸው ከተቷት፤ በረራቸው ስንት ቀን እንደቀረውም በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ።