ኪቦርዱ ላይ «ቡ» የሚል ቁልፍ የለም

ቡሬ ሲባል የጎጃሟ ትዝ ለምትላችሁ፣ የእኔዋ የኢሉባቦሯ ናት፤ ከመቱ ተነስቶ በጎሬ አልፎ ወደ ጋምቤላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለችው። ሰሞኑን ይቺው የከተማዬ ስም ጉድ አሳየችኝ።

አዲስ አበባ ሶፍትዌር በመፈተሽ የሚተዳደር የድሮ ተማሪዬ ደወለ። «ቲቸር፣ እስቲ የትውልድ ቦታ የሚለው ሳጥን ላይ ቡሬ ብለው ይጻፉልኝ» አለኝ። ጻፍኩ። ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? «ብኡርኤ»!

«እኔ ጋ እኮ ፈተናውን በሙሉ አልፏል!» አለ ልጁ ግራ ተጋብቶ። የእሱን ፈተና የሚጽፈው ሰው አይደለም፤ እንደ ሰው ሆኖ ቁልፍ የሚመታ ፕሮግራም ነው። ታዲያ ማሽኑ ያለፈውን እኔ ለምን ወደቅኩ? መልሱ ያለው ታሪካችን ውስጥ ነው።

ፊደላችን 33 በ7 ነው፤ ዲቃላዎቹን ሳንቆጥር 231። ይሄን ሁሉ ለፈረንጅ ፊደል በተሠራ ማሽን ላይ ማስፈር የአባቶቻችን ራስ ምታት ነበር። የአማርኛ የጽሕፈት መኪናን በመሥራት ስማቸው የሚነሳው ኢንጂነር አያና ብሩ የታገሉት ከዚሁ ጋር ነው። መፍትሔው ፊደሉን መከፋፈል ሆነ፤ አካሉ በአንድ ምት፣ ቅጥያው በሌላ ምት። በጽሕፈት መኪና የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ያላችሁ አውጥታችሁ እዩት፤ ቅጥያው ከፊደሉ ትንሽ ሸሸት ብሎ ታገኙታላችሁ። «ፊደሉ ይቀነስ፣ ይሻሻል» የሚለው የድሮ ክርክርም አንዱ መነሻው ይኸው የማሽን ጣጣ ነበር።

ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የሚባሉትን የቢሮ ሰዎች ታስታውሷቸዋላችሁ። ሁሉም የየራሱ ኮድ ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይል ነበር። እፎይ ያልነው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ሲያካትት ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል የራሱን ቋሚ ቁጥር አገኘ። አጻጻፉ ግን ያው ሁለት ምት ሆኖ ቀረ። በድምፅ በሚጽፉት ኪቦርዶች መጀመሪያ የ«ብ»ን ቁልፍ ትመታላችሁ፣ «ብ» ይወጣል። ቀጥሎ የ«ኡ»ን ቁልፍ ስትመቱ ኪቦርዱ «ብ»ን አንስቶ በ«ቡ» ይተካዋል።

አሁን ወደ ልጁ ፕሮግራም እንመለስ። ድረ ገጽን በራሱ የሚፈትሸው ሰሊኒየም የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ2004 ቺካጎ ውስጥ ነው፤ ጀማሪው ጄሰን ሀጊንስ። ይሄ መሣሪያ «ቡሬ ብለህ ጻፍ» ሲባል በኛ ኪቦርድ በኩል አያልፍም። ያለቀለትን «ቡ» አንስቶ ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል፤ «ቡ» የሚል ቁልፍ ኪቦርዱ ላይ ያለ ይመስል! ያ ሳጥን ደግሞ በእያንዳንዱ ምት የተጻፈውን አንስቶ መልሶ የሚያስቀምጥ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ እኔ ስጽፍ ሁለተኛው ምት የሚጣበቅበትን ፊደል አጣና «ኡ» ብቻውን ቆሞ ቀረ። ማሽኑ ሁለተኛ ምት ስለሌለው ችግሩን አያየውም።

የሚገርመው፣ ያው ገጽ በእንግሊዝኛ ችግር የለበትም። በአፋን ኦሮሞም ቁቤው በላቲን ስለሆነ አንድ ምት አንድ ፊደል ነው፤ እሱም ደህና ሠራ። (ሁዳው ግን ይፈተሽ! እሷን ጭረት እንደ ስህተት ቆጥሮ ስም አልቀበልም የሚል ፎርም አለ።) ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተፈተነ በአማርኛም ያልፋል ማለት አይቻልም።

ሥራው ላይ ላላችሁ ልጆቼ ምክሬ ይሄ ነው። ፕሮግራማችሁ ያለቀ ፊደል ከሚያስገባ፣ የአማርኛው ኪቦርድ ተጭኖ ቁልፎቹን ተራ በተራ ይምታ። ዊንዶውስ ላይ ሴንድ ኢንፑት የሚባለው ሁለቱንም ይችላል፤ ያለቀ ፊደልም የቁልፍ ኮድም ይልካል። እናንተ የቁልፍ ኮዱን ምረጡ። በመጨረሻም አንድ ሰው አስቀምጣችሁ በጣቱ አስጽፉ፤ በኮምፒውተርም በስልክም።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ዛሬ ሳጥን ውስጥ የተበላሸች ፊደል ነገ መታወቂያ ላይ፣ የባንክ ደብተር ላይ ትወጣለች። ከዚያ በኋላ «ብኡርኤ» እና «ቡሬ» አንድ መሆናቸውን ለማስረዳት ቢሮ ለቢሮ የሚንከራተተው የሠራው ሰው አይደለም፤ ከገጠር ሥራውን ጥሎ የመጣው ገበሬ ነው።

ልጁ ማታ ደወለ፤ አስተካክሎታል። እንደገና ጻፍኩ፣ «ቡሬ» አለ። እናንተስ? የከተማችሁ ስም በትክክል ይጻፍላችኋል? እስቲ ሞክሩና ከታች ንገሩኝ።