የሰመጠችው ደሴት፦ ፊላይ፣ ዓባይና እኛ

እኛ ኢትዮጵያውያን ዓባይን የምናውቀው በመነሻው ነው። ሰከላን እናውቃለን፤ ጣናን እናውቃለን፤ ጢስ ዓባይን እናውቃለን። ወንዙ ድንበር ከተሻገረ በኋላ ግን ታሪኩ የሌላ ሰው ታሪክ ይመስለናል። የምናነሣውም ለሙግት ሲሆን ብቻ ነው፤ ስንት ቢሊዮን ሜትር ኩብ፣ የማን ድርሻ፣ የየትኛው ዓመት ውል እያልን። ዛሬ ከዚህ ከተለመደው ሙግት ጥቂት ፈቀቅ ብዬ፣ ርዝመቷ ግማሽ ኪሎ ሜትር ስለማይሞላ አንዲት ደሴት ላወጋችሁ ፈልጌአለሁ። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።)

ደሴቲቱ ፊላይ ትባላለች። የምትገኘው በደቡብ ግብፅ፣ በአስዋን አጠገብ፣ ወንዙ ከጥቁር ድንጋይ ጋር ከሚታገልበት ከመጀመሪያው ፏፏቴ በላይ ነው። ከዓመታት በፊት ወደዚያ የመሄድ ዕድል ገጥሞኝ ነበር። ጀልባዋ የወሰደችን ግን ወደ ፊላይ አልነበረም። ዛሬ ቤተ መቅደሱ የቆመባት ደሴት አጊልኪያ ነች። ኑብያዊው ባለጀልባ መንገድ ላይ እጁን ወደ ባዶው ውኃ ዘርግቶ፣ እውነተኛዋ ፊላይ ያለችው እዚያ ታች መሆኑን አመለከተን። አብረውን የነበሩት ጎብኚዎች ወዲያው ካሜራቸውን ወደ ቤተ መቅደሱ መለሱ። እኔ ግን ዓይኔ ከዚያ ውኃ ላይ ሊነቀል አልቻለም። ያ ውኃ ከየት እንደመጣ አውቃለሁና።

የኢሲስ ደሴት

በፊላይ ከተገኙት ቅሪቶች ቀደምት የሚባሉት የታሃርቃን ስም የያዙ ድንጋዮች ናቸው። ታሃርቃ በሰባተኛው ክፍለ ዘመን ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ግብፅን ጭምር የገዛ የኩሽ ንጉሥ ነበር። ስለዚህ የደሴቲቱ ታሪክ ገና ከጅምሩ የሰሜኑ ብቻ ሳይሆን የደቡቡም ነው። ዛሬ የሚታየው ታላቁ የኢሲስ ቤተ መቅደስ የተጀመረው ከአራት መቶ ዓመታት ያህል በኋላ፣ በዳግማዊ በጥሊሞስ ዘመን ነው። በአጠገቧ ያለችው የቢጋ ደሴት ደግሞ የኢሲስ ባል ኦሲሪስ የተቀበረባት ናት ተብሎ ስለሚታመን ተራ ሰው አይረግጣትም ነበር።

ፊላይ የድንበር ደሴት ነበረች። በስተ ሰሜን ግብፅ፣ በስተ ደቡብ ኑብያ። በሦስተኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ዲዮቅልጥያኖስ የሮማን ድንበር ወደዚህች ደሴት ስቦ እንዳመጣና በደቡብ ላሉት ለብሌምያውያንና ለኖባውያን በየዓመቱ ወርቅ እንዲከፈላቸው እንዳዘዘ ፕሮኮፒዮስ የተባለው የታሪክ ጸሐፊ ጽፏል። ዲዮቅልጥያኖስ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ስንክሳር የሰማ ሰው ሁሉ በዘመነ ሰማዕታት ያውቀዋል። ኖባውያኑም እንግዶች አይደሉም፤ ንጉሥ ዒዛና በድንጋይ ላይ ባስቀረጸው የዘመቻ ታሪክ ውስጥ ኖባ የተባለ ሕዝብ እናገኛለን።

መስቀሉና ንጉሠ ነገሥቱ

ክርስትና ወደ ፊላይ የደረሰው በአራተኛው ክፍለ ዘመን ነው። በቅብጦች ትውፊት የመጀመሪያውን ጳጳስ መቄዶንዮስን የሾመው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ አትናቴዎስ ነው፤ ለእኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን የሾመልን ያው አትናቴዎስ። አክሱምና ፊላይ ጳጳሳቸውን የተቀበሉት ከአንድ እጅ ነው ማለት ነው። ትውፊቱ እንደሚለው፣ መቄዶንዮስ መሥዋዕት የሚያቀርብ መስሎ ወደ ጣዖቱ ቤት ገብቶ፣ ሕዝቡ ያመልከው የነበረውን ጭልፊት አንገቱን ቆርጦ እሳት ውስጥ ጣለው። የካህኑ ልጆችም ከፍርሃት የተነሣ ሸሹ፤ በኋላ ግን አምነው ተጠመቁ፤ እነርሱም በተራቸው የደሴቲቱ ጳጳሳት ሆኑ።

ትውፊቱ ሁሉም ነገር በአንድ ቀን የተፈጸመ ያስመስለዋል። ድንጋዩ የሚናገረው ሌላ ነው። በ394 ነሐሴ ወር፣ ኤስመት አኾም የተባለ የኢሲስ ካህን ማንዱሊስ በተባለው የኑብያ አምላክ ምስል አጠገብ አጭር ጽሑፍ ቀረጸ። እስከ ዛሬ ከታወቁት የሂሮግሊፍ ጽሑፎች ሁሉ የመጨረሻው ይህ ነው። ከሦስት ሺህ ዓመት በላይ የኖረ ፊደል እዚህች ግድግዳ ላይ አበቃ። ከሥሩ በተራው የግብፅ ፊደል የተጻፈው ዓመት 110 ይላል፤ ቁጥሩ ከዲዮቅልጥያኖስ ንግሥ የሚነሣ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ዓመተ ሰማዕታት የሚሉትም ይህንኑ አቆጣጠር ነው። የጣዖቱ ካህንና የክርስቲያኑ ጳጳስ በአንዲት ጠባብ ደሴት ላይ፣ በአንድ ዘመን ቁጥር እየኖሩ ነበር።

የሮማ መንግሥትም ቢሆን ሲጠቅመው ታጋሽ ነበር። በ453 ገደማ ከብሌምያውያንና ከኖባውያን ጋር በተደረገው የሰላም ውል፣ እነዚህ ሕዝቦች ወደ ፊላይ እየመጡ እንዲያመልኩ፣ የኢሲስንም ምስል በጀልባ ወደ አገራቸው ወስደው እንዲመልሱ ተፈቅዶላቸዋል። ውሉን የፈረመው ክርስቲያን መንግሥት ነው፤ ጣዖት አምልኮ በሕግ ከታገደ ስድሳ ዓመት አልፎት ነበር። ድንበር ሲናወጥ ሃይማኖት ይለዝባል፤ ድንበር ሲረጋ ሃይማኖት ይጠነክራል። ይህ በፊላይ ብቻ የታየ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ በ530ዎቹ ዓመታት ዮስቲንያኖስ ቤተ መቅደሱ እንዲዘጋ አዘዘ። ናርሴስ የተባለው የጦር አዛዥ ካህናቱን አስሮ ምስሎቹን ወደ ቁስጥንጥንያ ላከ። ነገር ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በል። በደሴቲቱ የሚያመልኩ ሰዎች የቀረጿቸው ጽሑፎች በ456 ወይም በ457 ያቆማሉ። ናርሴስ ሲመጣ እንግዲህ ሰማንያ ዓመት ያህል የቆየ ዝምታ ነበር። አንዳንድ የዘመናችን ተመራማሪዎች የተዘጋው ቤተ መቅደስ አስቀድሞ ባዶ ሊሆን የተቃረበ ነበር የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ኃያላን የሞተውን ቀብረው እኛ ገደልነው ማለት ይወዳሉ።

ከዚያ በኋላ ጳጳሱ ቴዎድሮስ የኢሲስን ቤት ለቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያንነት ባረከው። መስቀሎች በግድግዳው ላይ ተቀረጹ፤ የአማልክቱ ፊት በመሮ ተጠረበ። ሕንፃው ግን አልፈረሰም። ከዚህችው ደሴት ተነሥቶ ወንጌል ወደ ኑብያ ወረደ። ንግሥት ቴዎዶራ የላከችው ካህኑ ዩልያኖስ ከንጉሡ መልእክተኞች ቀድሞ ኑብያ ደረሰና የኖባውያንን ቤተ መንግሥት ከእስክንድርያ እምነት ጋር አስተሳሰረው፤ ሲመለስም አዲሱን መንጋ ለፊላይ ጳጳስ አደራ ሰጠ። ኑብያና ኢትዮጵያ ለብዙ መቶ ዓመታት የአንድ መንበር ልጆች ሆነው የኖሩት እንዲህ ባለ መንገድ ነው። የኑብያ ክርስትና በኋላ ጠፋ፤ የእኛው ቀረ።

ጦር፣ ሐውልትና ግድብ

አሁን ብዙ መቶ ዓመታትን ልዝለል። በመጋቢት 1799 የናፖሊዮን ጄኔራል ደሴ መምሉኮችን እያሳደደ ከፏፏቴው በላይ ደረሰ። ወታደሮቹም የድላቸውን ታሪክ በፈረንሳይኛ፣ በቤተ መቅደሱ በር ላይ ቀረጹ፤ በሪፐብሊኩ አዲስ አቆጣጠር፣ በሰባተኛው ዓመት ብለው። አሁንም እዚያው ይነበባል። ፈርዖን፣ ጳጳስ፣ ጄኔራል፤ ሁሉም ያንኑ ግድግዳ ፈለጉት።

ከፈረንሳዩ በኋላ እንግሊዛዊው ሰብሳቢ መጣ። ዊልያም ባንክስ የተባለ ባለጸጋ ከቤተ መቅደሱ ፊት የነበረውን ሐውልት አስነሥቶ ወደ አገሩ ወሰደ። በሐውልቱ ላይ ያለው የክሊዮፓትራ ስም የሂሮግሊፍ ንባብ እንዲፈታ ረድቷል። ሐውልቱ ግን እስከ ዛሬ በደቡብ እንግሊዝ፣ በአንድ መኳንንት ቤት የአትክልት ቦታ ቆሟል። የአክሱም ሐውልት ሮም ላይ ቆሞ በነበረበት ዘመን ላደግን ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። የእኛው በ2005 ተመልሷል። የፊላዩ አልተመለሰም።

ከሁሉ የባሰው ግን ሦስተኛው ነው። እንግሊዝ በ1882 ግብፅን ከያዘች በኋላ የግብፅ ዕዳ እንዲከፈልና የጥጥ እርሻው እንዲሰፋ በጋውን ሁሉ ውኃ አስፈለገ። የአስዋን ግድብ ሥራ በ1898 ተጀመረ። የግድቡ ሐይቅ ፊላይን እንደሚያሰጥም ሲታወቅ በአውሮፓ የታሪክ ምሁራን ጩኸት አሰሙ፤ በዚህም ምክንያት የግድቡ ከፍታ ተቀነሰ። ያኔ ወጣት መኮንን የነበረው ዊንስተን ቸርችል ግን ለቤተ መቅደስ ሲባል ውኃ ሊቀር አይገባም እያለ ተቃዋሚዎቹን በመጽሐፉ ተሳለቀባቸው። ክርክሩ በአንድ ወገን ስለ ጥጥ፣ በሌላ ወገን ስለ ድንጋይ ነበር። ሐይቁ መንደራቸውን ስለሚበላው ኑብያውያን በዚያ ክርክር ውስጥ ድምፁ የተሰማ እምብዛም ነው።

ግድቡ በታኅሣሥ 1902 ተመረቀ። 180 በሮች ነበሩት። በክረምት በሮቹ ይከፈታሉ፤ ከኢትዮጵያ ተራሮች አፈር ይዞ የሚወርደው ቀይ ጎርፍ ደለሉን ሳይጥል እንዲያልፍ። ጎርፉ ካለፈ በኋላ ይዘጋሉ፤ ሐይቁ ይሞላል፤ ፊላይም ትሰጥማለች። ግድቡ እስከ 1912፣ ከዚያም እስከ 1933 በተደረገ ሥራ ሁለት ጊዜ ከፍ ሲል፣ ደሴቲቱ ከዓመቱ አብዛኛውን ወር ውኃ ውስጥ መዋል ጀመረች። የዘንባባ ዛፎቿ ሞቱ። ለሁለት ሺህ ዓመታት የቆየው የዓምዶቹ ቀለም ታጠበ።

እንግዲህ ቀኑን እናስተያይ። በዚያው በ1902፣ ግድቡ ሊመረቅ ሰባት ወር ያህል ሲቀረው፣ በግንቦት 15 ቀን፣ ዐፄ ምኒልክና የእንግሊዝ መልእክተኛ ሐሪንግተን አዲስ አበባ ላይ የድንበር ውል ተፈራረሙ። ሦስተኛው አንቀጽ ንጉሠ ነገሥቱ ከእንግሊዝና ከሱዳን መንግሥታት ጋር ሳይስማሙ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ እንዳያሠሩ የሚል ነው። ስለ ቃሉ ትርጉም ብዙ ተብሏል፤ ዛሬ አልገባበትም። የእኔ ነገር ሌላ ነው። አንዱ መንግሥት፣ በአንዱ ዓመት፣ ታች ወንዙን ገደበ፤ ላይ ደግሞ እንዳይገደብ አስፈረመ። በአንድ እጁ ደሴት አሰጠመ፤ በሌላው ሐይቅ ለመያዝ ብዕር አነሣ። በ1925 እንግሊዝና ጣልያን ስለ ጣና እርስ በርሳቸው ሲስማሙና ራስ ተፈሪ በ1926 ለመንግሥታት ማኅበር አቤት ሲሉ፣ ያ ብዕር ገና አልደረቀም ነበር። ሐይቁ በእነርሱ ፈቃድ ከፍ ቢል ኖሮ ውኃው መጀመሪያ የሚደርሰው የእኛ ገዳማት ካሉባቸው ዳርቻዎችና ደሴቶች ነበር። ጣና ፊላይን ከመሆን የተረፈችው በጥቂት ነው።

ድንጋዩ ተነሣ፣ ሰዉስ?

የአስዋን ታላቁ ግድብ ሥራ በ1960 ሲጀመር ዓለም ለቅርስ ተንቀሳቀሰ። ዩኔስኮ ባስተባበረው ዘመቻ፣ ከ1972 እስከ 1980 ባለው ጊዜ፣ የፊላይ ዙሪያ ታጠረ፤ ውኃው ተመጠጠ፤ ቤተ መቅደሱ ድንጋይ በድንጋይ ተፈትቶ አጊልኪያ ላይ ተተከለ። አጊልኪያ ራሷ ተፈልፍላና ተስተካክላ የፊላይን ቅርጽ እንድትይዝ ተደርጋለች። የሚደነቅ ሥራ ነው፤ አደንቀዋለሁ።

በዚያው ዘመን በግብፅ ወገን ወደ 50,000 ኑብያውያን ወደ ኮም ኦምቦ አካባቢ ሲወሰዱ፣ ከሱዳኗ ዋዲ ሐልፋም እንዲሁ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ተነሥተው ከአትባራ ወንዝ አጠገብ፣ ከእኛ ድንበር ብዙም በማይርቀው በኻሽም ኤል ጊርባ ሰፈሩ። ለድንጋዩ የምትመስለው ደሴት ተፈልጋ፣ ካልመሰለችም ተጠርባ ተሰጠችው። ለሰዉ ግን ወንዙን የሚመስል ነገር አልተፈለገለትም።

ወደ እኛ

ይህን ሁሉ ያወጋሁት ግብፅን ለመክሰስ እንዳይመስላችሁ። የመጀመሪያውን ግድብ የወሰነው ቅኝ ገዥ ነው፤ ሁለተኛውን የሠራች ነፃ አገር ልማት ፈልጋ ነው፤ እኛም ፈልገናል። በ2011 የተጀመረው የሕዳሴ ግድባችን በመስከረም 2025 ተመርቋል። ደስ ብሎኛል፤ ደስታዬን የሚቀንስ ሰው አልፈልግም። በ1902 በሌሎች ብዕር የተዘጋው በር በራሳችን ገንዘብ ተከፍቷልና።

ግን ድል ያደረገ ሰው ግድግዳው ላይ የሚጽፈውን መመርመር አለበት። ሐይቁ በሞላበት በጉባ ምድር የጉሙዝና የሌሎች ወገኖቻችን መንደሮች፣ መቃብሮችና የእርሻ ቦታዎች ነበሩ። ስለ ሜጋዋቱ ጽፈናል፤ ስለ ሜትር ኩቡም ጽፈናል። ስለ እነዚያ ሰዎች ምን ጻፍን? ታሪካቸውን ማን መዘገበ? የሰፈሩበትን ቦታ ማን ጎበኘ? ይህን መጠየቅ ግድቡን መቃወም አይደለም። ቅኝ ገዥው ያልጠየቀውን ጥያቄ መጠየቅ ነው፤ ከእርሱ የምንለየውም በዚህ ነው።

ባለጀልባው ሲመልሰን ያንኑ የውኃ ቦታ ዳግመኛ አለፍንበት። ከሥሩ የኢሲስ ካህን የተመላለሰበት፣ ጳጳሱ የባረከው፣ ወታደሩ የረገጠው መሬት አለ። በላዩ የኢትዮጵያ ዝናም ተኝቷል። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። ማደሪያ ከሰጠነው ወዲያ ግን ይዞ የሚዞረውን ብቻ ሳይሆን የሚሸፍነውንም መቁጠር የእኛ ድርሻ ነው።

ቸር ይግጠመን።