የመልስ አጻጻፍ ታሪክ፤ በእጅ ከሚታተም ራስጌ እስከ ዓይነት ያለው እሴት

በመዝገብ ቤት የሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው ደብዳቤ ማለት በውስጡ የሰፈረው ቃል ብቻ አይደለም። ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ የተቀባዩ ስም፣ «ጉዳዩ» የሚለው መስመር፣ በመጨረሻም ፊርማውና ማኅተሙ ካልተሟሉ፣ ደብዳቤው የቱንም ያህል እውነተኛ ቃል ቢይዝ ተቀባይነት አያገኝም። ኮምፒዩተሮች በዌብ አማካይነት የሚለዋወጡት መልስም ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። መልሱ በቅድሚያ የጥያቄውን ውጤት የሚገልጽ ባለሦስት አኀዝ ቁጥር ይይዛል። ቀጥሎ የመልሱን ዓይነትና ርዝመት የሚያስታውቁ ራስጌዎች ይሰለፋሉ። ከዚያም አንድ ባዶ መስመር ይገባል። ዋናው አካል የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

እንግዲህ የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ፣ ይህ ሥርዓት እንዲጠበቅ ኃላፊነቱ በማን ላይ ነው የሚለው ነው። በፕሮግራም አዘጋጁ ትውስታ ላይ ነው ወይስ በሚሠራበት መሣሪያ ላይ? ከሠላሳ ዓመታት በላይ የዘለቀው የመልስ አጻጻፍ ታሪክ በአመዛኙ ኃላፊነቱ ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው የተሸጋገረበት ታሪክ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ራስጌ ያልነበረው ዘመን

ቲም በርነርስ ሊ በጄኔቫ አቅራቢያ በሚገኘው የአውሮጳ የኑክሌር ምርምር ድርጅት በሰርን ሲሠሩ የዌብን ሐሳብ ያቀረቡት በ1989 ነበር። በ1991 በጽሑፍ የሰፈረው የመጀመሪያው የኤች ቲ ቲ ፒ ደንብ እጅግ ቀላል ነበር። ጠያቂው አንዲት መስመር ይልካል፤ ሰርቨሩም ሰነዱን ልኮ ግንኙነቱን ይዘጋል። የውጤት ቁጥርም ሆነ ራስጌ አልነበረም። ስሕተት በተፈጠረ ጊዜ መልእክቱ እንደ ማንኛውም ሰነድ ለሰው ዓይን ተጽፎ ይላካል። ስለዚህም አንድ ኮምፒዩተር የደረሰው ነገር የተፈለገው ሰነድ ይሁን ወይም የስሕተት ማስታወቂያ፣ ጽሑፉን አንብቦ ካልተረዳ በስተቀር ሊለይ የሚችልበት መንገድ አልነበረውም።

ይህ ጉድለት ብዙም ሳይቆይ ታወቀ። በፋይል ማስተላለፊያና በኤሌክትሮኒክ ፖስታ ደንቦች ከቀድሞ ጀምሮ የተለመደው ባለሦስት አኀዝ ቁጥር ወደ ዌብም ገባ። የመጀመሪያው አኀዝ የውጤቱን ምድብ ይናገራል፤ 2 ክንውንን፣ 3 ወደ ሌላ አድራሻ መመራትን፣ 4 የጠያቂውን ስሕተት፣ 5 የሰርቨሩን ጉድለት ያመለክታል። የመልሱን ዓይነት መግለጫ ደግሞ በ1992 ለኤሌክትሮኒክ ፖስታ ከወጣው የማይም ደንብ ተወሰደ። እነዚህ ሁሉ በግንቦት 1996 በታተመው የኤች ቲ ቲ ፒ 1.0 ሰነድ ተጠቃልለው ቀረቡ። ደብዳቤው ቁጥርና «ጉዳዩ» የሚል መስመር አገኘ ማለት ነው።

በእጅ የሚታተመው መልስ

በ1993 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ብሔራዊ የሱፐር ኮምፒዩተር ማዕከል ሲ ጂ አይ የተባለውን አሠራር አስተዋወቀ። በዚህ አሠራር ሰርቨሩ ጥያቄ በደረሰው ቁጥር አንድ ፕሮግራም ያስነሣል፤ ፕሮግራሙ የሚያትመውንም ሁሉ ለጠያቂው ያስተላልፋል። አዘጋጁ በፐርል ወይም በሲ ቋንቋ በቅድሚያ የይዘቱን ዓይነት የሚገልጸውን ራስጌ፣ ቀጥሎ ባዶውን መስመር፣ ከዚያም ገጹን በገዛ እጁ ማተም ነበረበት። ባዶዋ መስመር የተረሳች እንደ ሆነ ሰርቨሩ ራስጌውን ከአካሉ መለየት ስለማይችል፣ በመልሱ ፈንታ ጠያቂው 500 የሚል የጉድለት ቁጥር ይደርሰዋል። በቋንቋው ዘንድ ግን ራስጌውም፣ ባዶው መስመርም፣ አካሉም ሁሉም እኩል የፊደል ሰንሰለት ነበሩ።

በ1995 ራስሙስ ሌርዶርፍ ለሕዝብ ያቀረበው ፒ ኤች ፒ ሥራውን በእጅጉ አቃለለ፤ ነገር ግን ሌላ ወጥመድ ይዞ መጣ። በተለመደው አሠራር ከፕሮግራሙ መክፈቻ ምልክት በፊት አንዲት ባዶ ቦታ ብትገኝ የአካሉ መጀመሪያ ተደርጋ ትላካለች። ከዚያ በኋላ ራስጌ ለመጨመር ቢሞከር «ራስጌዎቹ አስቀድመው ተልከዋል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። በዓይን የማትታይ አንዲት ባዶ ቦታ የብዙ ባለሙያዎችን የሥራ ሰዓት በልታለች።

በ1997 የወጣው የጃቫ ሰርቭሌት በአንጻሩ ጥብቅ ዓይነቶች ባሉት ቋንቋ የተሠራ ነበር። ለአዘጋጁ የመልስ ነገር ይሰጠዋል፤ እርሱም ቁጥሩንና ራስጌዎቹን ተራ በተራ ይሞላበታል። ሆኖም የቅደም ተከተሉ ችግር አልተወገደም። የአካሉ ጽሑፍ መላክ ከጀመረ በኋላ ቁጥሩን መለወጥ አይቻልም፤ ኮምፓይለሩ ግን ይህን አስቀድሞ አያይም። ዓይነት ያለው ቋንቋ መጠቀም ብቻውን እንደማይበቃ ከዚህ መረዳት ይቻላል። ዋናው ጉዳይ ዓይነቱ ደንቡን መግለጽ መቻሉ ነው።

መልስን እንደ እሴት መመልከት

ቀጣዩ እርምጃ የአስተሳሰብ ለውጥ ነበር። በ2007 ለሩቢ ቋንቋ የቀረበው ራክ፣ መልስ ማለት ሦስት አባላት ያሉት አንድ ዝርዝር ነው ብሎ ደነገገ። አባላቱም ቁጥር፣ ራስጌዎችና አካል ናቸው። ፕሮግራሙ ዝርዝሩን አዘጋጅቶ ይመልሳል፤ መላክ የማዕቀፉ ሥራ ነው። መልሱ አስቀድሞ በእጅ ተይዞ የሚመረመር፣ የሚሻሻልና የሚፈተን ነገር ሆነ። ይሁን እንጂ በቁጥሩ ቦታ ቃል፣ በአካሉም ቦታ ቁጥር ቢገባ ስሕተቱ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ ነበር።

ለዚህ መፍትሔ የሚሆነው ሐሳብ ዌብ ከመወለዱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ቆይቷል። ሮቢን ሚልነር በ1978 ባሳተሙት ጥናት አንድ ፕሮግራም ከመሠራቱ በፊት የእሴቶቹ ዓይነት እርስ በርሱ መስማማቱን በስሌት ማረጋገጥ እንደሚቻል አሳይተዋል። በ1989 ደግሞ ፊሊፕ ዋድለርና ስቲቨን ብሎት የዓይነት ክፍል የሚባለውን ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በአጭሩ ሲገለጽ፣ አንድ ዓይነት የተወሰነን ተግባር እንዴት እንደሚፈጽም ካስታወቀ የክፍሉ አባል ይሆናል፤ ያላስታወቀ ግን ለዚያ ተግባር ቢቀርብ ኮምፓይለሩ አይቀበለውም የሚል ነው። በዚህ መሠረት «ወደ መልስ መለወጥ» ራሱ አንድ ተግባር ሊሆን ቻለ።

በሀስከል ቋንቋ ተሠርቶ በ2010 የወጣው የሶድ፣ በረስት ቋንቋ ተሠርቶ በታኅሣሥ 2016 የወጣው ሮኬት፣ በ2021ም ይፋ የሆነውና ስሙ በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከጥንታዊቷ ከተማ ከአክሱም ስም ጋር አንድ የሆነው ማዕቀፍ ይህንኑ መንገድ ተከትለዋል። በእነዚህ ማዕቀፎች አዘጋጁ ራስጌ አያትምም፤ ከፈንክሽኑ የሚመልሰው አንድ እሴት ነው። እሴቱ ተራ ጽሑፍ ከሆነ ማዕቀፉ የጽሑፍ ራስጌ ያበጅለታል፤ በጄሰን መልክ የተሰናዳ መረጃ ከሆነም የጄሰን ራስጌ ያበጅለታል። በሮኬት አንድ መዝገብ ተፈልጎ ሲገኝ እሴቱ ይላካል፤ «የለም» የሚለው እሴት ሲመለስ ደግሞ ማዕቀፉ ራሱ 404 ቁጥርን ይሰጣል። በአክሱም ክንውንና ስሕተትን የሚለይ ውጤት ሲመለስ፣ ሁለቱም ወገኖች እንዴት ወደ መልስ እንደሚለወጡ አስቀድሞ መነገር አለበት። የስሕተቱን ወገን የዘነጋ አዘጋጅ ፕሮግራሙን እስከ ኮምፓይል ማድረስ እንኳ አይችልም።

ይህ ለደኅንነትም ይበጃል። በ2004 በስፋት የታወቀው መልስን የመሰንጠቅ ጥቃት የተመሠረተው ራስጌ ተራ ጽሑፍ በመሆኑ ላይ ነበር። ጠያቂው በላከው ቃል ውስጥ የመስመር መለያ ምልክት ሰውሮ ካስገባና ቃሉ ሳይመረመር ወደ ራስጌ ከተዛወረ፣ ከአንድ መልስ ሁለት መልሶች ይወጣሉ፤ ሁለተኛውም አጥቂው የደረሰው ነው። በረስት ማዕቀፎች የራስጌ እሴት የራሱ ዓይነት አለው። የመስመር መለያ ያለበት ጽሑፍ ወደዚያ ዓይነት እንዲለወጥ ሲቀርብ ይመለሳል እንጂ አይገባም።

የግዕዝ ፊደልና የባይት ቁጥር

ጉዳዩ በአማርኛ ለሚጽፉ ሰዎች የተለየ ክብደት ነበረው። በ1999 የወጣው የኤች ቲ ቲ ፒ 1.1 ደንብ፣ የፊደል ዓይነቱ ያልተገለጸ ጽሑፍ በምዕራብ አውሮጳ የላቲን ፊደል እንደ ተጻፈ ይቆጠር ይል ነበር፤ ይህም አንቀጽ የተሰረዘው በ2014 ነው። በዚያው በ1999 ዓመት የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ቦታውን አገኘ። ስለዚህም የአማርኛው ገጽ በትክክል ተጽፎ ሳለ አንዲት ራስጌ በመጉደሏ ብቻ የማይነበብ የምልክት ክምር ሆኖ ሊታይ ይችል ነበር።

ሁለተኛው ችግር የርዝመት ራስጌ ነው። ይህ ራስጌ የሚቆጥረው ባይትን እንጂ ፊደልን አይደለም። በ1992 ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ በቀየሱት ዩ ቲ ኤፍ 8 አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። «ሰላም» የሚለው ቃል ሦስት ፊደል ነው፤ ዘጠኝ ባይት ግን ነው። አዘጋጁ ፊደል ቆጥሮ 3 ብሎ ከጻፈ ብራውዘሩ ሦስት ባይት አንብቦ ያቆማል፤ ለአንባቢውም የምትደርሰው «ሰ» ብቻ ናት። በእንግሊዝኛ የፈተነው ባለሙያ ጉድለቱን ከቶ አያየውም፤ በዚያ ቋንቋ ሁለቱ ቁጥሮች እኩል ናቸውና። አንድ የጽሑፍ እሴት ለማዕቀፉ ሲሰጥ የፊደል ዓይነቱም ሆነ የባይቱ ቁጥር ከእሴቱ ከራሱ ይወጣል፤ አዘጋጁ ስለ ግዕዝ ፊደል ምንም ባያውቅ እንኳ የአማርኛው አንባቢ ሙሉ ቃሉን ያገኛል።

ዓይነት የማይጠብቀው ነገር

ይሁንና ጥቅሙን ከልክ በላይ ማጋነን አይገባም። በአንደኛ ደረጃ፣ የዓይነት ስምምነት ሲጎድል ኮምፓይለሩ የሚሰጠው ማብራሪያ ረጅምና ግራ የሚያጋባ ሊሆን ይችላል፤ የአክሱም አዘጋጆችም ስሕተቱን በግልጽ የሚያመለክት ልዩ መሣሪያ ማዘጋጀት አስፈልጓቸዋል። በሁለተኛ ደረጃ፣ ቁጥሩ ከአካሉ የሚቀድም በመሆኑ፣ ረጅም መልስ በመላክ ላይ ሳለ መሐል ላይ ጉድለት ቢደርስ የተላከውን 200 መመለስ ዛሬም አይቻልም።

ሦስተኛውና ከሁሉ የሚበልጠው ግን ዓይነት የመልሱን ቅርጽ እንጂ እውነተኛነቱን የማይመረምር መሆኑ ነው። በአክሱም ምንም ያልያዘ ባዶ እሴት የሚመልስ ፈንክሽን 200 ቁጥር ያለው መልስ ይሰጣል፤ ሥራው ይፈጸም አይፈጸም ማዕቀፉ አያውቅም። እንዲሁም አንድ አዘጋጅ «ገንዘቡ አልተላለፈም» የሚለውን ቃል በጄሰን አሰናድቶ በ200 ቁጥር ቢልከው፣ በዓይነት ረገድ አንዳች ነቀፋ አይገኝበትም። ቁጥሩን ብቻ የሚያየው ሌላ ኮምፒዩተር ግን ክፍያው እንደ ተፈጸመ አድርጎ ይመዘግበዋል። ይህ ስሕተትን ከክንውን መለየት ወዳልተቻለበት ወደ 1991 መመለስ ነው።

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሚያስገነዝበው፣ መሣሪያው የባዶዋን መስመር፣ የፊደሉን ዓይነትና የባይቱን ቁጥር ከሰው ትከሻ ያወረደው ሰው ከሥራው እንዲወጣ ሳይሆን ትኩረቱን ለሚበልጠው ጉዳይ እንዲያውል መሆኑን ነው። ማኅተሙን ማዕቀፉ ይመታል፤ ከማኅተሙ በላይ ለሰፈረው ቃል ተጠያቂ ሆኖ የሚቀረው ግን ደብዳቤውን ያረቀቀው ባለሙያ ነው።